ዘጠነኛው ጥያቄ

ሆሳዕና፣ ጥቅምት

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እማዬ ጉልበቷ ብርዱን አልወደደውም፤ እንሰት ካልፋቅሁ ብላ ስታስቸግር ከልክለናት አኩርፋለች። ካኮረፈች ደግሞ ደህና ናት ማለት ነው።

ማታ የጠየቅኸኝን በስልክ ልመልስልህ አልወደድኩም። መስመሩ ይቆራረጣል፣ እዚህም ቤት ጆሮ ይበዛል። ደግሞ ነገሩ ቁጭ ተብሎ የሚጻፍ ነው።

ሥልጠናው ላይ የሰጧችሁን ቅጽ አነበብክልኝ። ነጥብ ይደመራል፤ ድምሩም በሽተኛውን «ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ከፍተኛ» ከሚል ሳጥን ውስጥ ያስገባዋል። «ታዲያ ራሱን የሚያጠፋው የትኛው እንደሆነ በዚህ አውቃለሁ?» አልከኝ። አታውቅም፣ ወንድሜ። ስንት ዓመት በአእምሮ ሕክምና ነርስነት የሠራሁት እኔም አላውቅም፤ አማኑኤል ሆስፒታል ያረጁ ሐኪሞችም አያውቁም። በእንግሊዝ ለሐኪሞች መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የሚባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ቁርጡን ጽፎታል፦ ወደፊት ራሱን የሚያጠፋውን ለመተንበይ በእንዲህ ያሉ መለኪያዎች አትጠቀሙ፣ ሰውንም በዝቅተኛና በከፍተኛ አትከፋፍሉ ይላል። ዝቅተኛ የሚባሉት እጅግ ብዙ ስለሆኑ ከሚሞቱት ብዙዎቹ የሚወጡት ከእነሱው መካከል ነው፤ ከፍተኛ ከተባሉት ደግሞ አብዛኞቹ በሕይወት ይኖራሉ። ትንቢት የሚናገር በዞናችን አልጠፋም፤ ለአንተ የተሰጠህ ሌላ ሥራ ነው። ፊትህ የተቀመጠው ሰው ዛሬ ምን እያሰበ እንደሆነ በቀጥታ ትጠይቀዋለህ፣ ለምን እዚህ እንደደረሰ ትሰማዋለህ፣ ማታ ከማን ጋር እንደሚያድር ታጣራለህ፣ ከዚያ እንዳይጠፋብህ ትይዘዋለህ። ምዘና ማለት ለእኔ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ግን ሰውዬውን ማግኘት አለብህ። «ድብርት ይዞኝ ነው» ብሎ ካርድ የሚያወጣ አትጠብቅ። የሚመጣው ራሴን፣ ጨጓራዬን፣ ወገቤን፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይመታኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» እያለ ነው። ላቦራቶሪ ይላካል፣ ታይፎይድና ታይፈስ ተብሎ ይመለሳል፣ መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል፤ ሰነባብቶ ያንኑ ሕመም ይዞ ይመጣል። አንድ ሰው በዓመት ስንት ጊዜ ታይፎይድ ይይዘዋል? ካርዱን ወደ ኋላ ገልብጥ። ያው መድኃኒት ደጋግሞ ተጽፎበት ካገኘህ እስክሪብቶህን አስቀምጥና ወንበርህን ወደ እሱ አዙር።

የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልህ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ራሳቸውን ካጠፉት ሰዎች ከመቶ 45 ያህሉ በመጨረሻዋ ወር ውስጥ ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ነበር። የቅርባችንን ልንገርህ ደግሞ። ከአዲስ አበባ ወደ ቤት ስንመጣ ቡኢን፣ ከዚያ ቡታጅራን እናልፋለን። ቡታጅራና አካባቢዋ ላይ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ10 ሺህ የሚበልጡ አዋቂዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመቶ 3 የሚበልጡት በዕድሜያቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደነበር ተናግረዋል። እንሰት የሚተክል እንደ እኛው ያለ ገጠር ነው። በገበያ ቀን ዶዮገና የሚወጣውን ሕዝብ አስብና ከየመቶው ሦስቱን ቁጠር። ቡኢ ባለባት ሶዶ ወረዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ፕራይም የተባለ ፕሮጀክት የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን፣ ነርሶችንና እንደ አንተ ያሉ ጤና መኮንኖችን፣ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አሠልጥኖ ነበር። እዚያም ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ ድብርት ያለበት ሰው ባለሙያው ፊት ተቀምጦ፣ ታክሞም፣ ሳይታወቅለት ወደ ቤቱ መመለሱ ነው።

ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድብርት ቅጽ መጥፎ አይደለም፤ በአማርኛ እዚሁ አገራችን ውስጥ ተፈትኗል። ሰው ስለ ራሱ ማውራት እንዲጀምር በር ይከፍትልሃል። መጨረሻ ላይ ያለው ዘጠነኛው ጥያቄ ነው ነገሩ፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብሞት ይሻለኛል የሚል ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶ እንደሆነ ይጠይቃል። ስንቱ ባለሙያ ስምንቱን በደንብ ጠይቆ እዚህ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል መሰለህ! ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ «እንዲህ ያለ ነገር እንኳ የለብህም፣ አይደል?» ይላል። እንዲህ የተጠየቀ ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ ታውቃለህ። ባለሙያውም ዜሮ ጽፎ ይገላገላል።

ብጠይቀው ሐሳቡን እኔው እሰጠዋለሁ ብለህ መፍራትህን ከድምፅህ አውቄዋለሁ። አትስጋ። ይህን ለማጣራት የተሠሩ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ላይ ተገምግመው ነበር፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያባብስም፣ እንዲያውም ሊያቀለው ይችላል የሚል ነው የተገኘው። እኔም ካየሁት ሰው ሲጠየቅ ትከሻው ዝቅ ይላል። ለስንት ጊዜ ብቻውን የተሸከመውን አንድ ሰው ስም ጠርቶ ስላነሳለት።

እኔ ከሩቅ ነው የምጀምረው። እንቅልፉን፣ ምግቡን እጠይቃለሁ። ቀጥዬ «ይህ ሁሉ ሲደራረብብህ ተስፋ የምትቆርጥበት ጊዜ አለ?» እላለሁ። ከዚያ «በቃኝ፣ በሞትኩ ያልክበትስ?»። እሱንም ካመነ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» እለዋለሁ፤ ይህችን ሳላድበሰብስ፣ ሳልቸኩል፣ የደም ግፊቱን እንደምጠይቀው አድርጌ። እኛ ሰፈር «ጌታ በወሰደኝ» የማይል አረጋዊ የለም፤ ጸሎትም ነው፣ ምሬትም ነው፣ አንዳንዴም ሌላ ነገር ነው። እንዲያው የተለመደ ነው ብለህ አትለፈው። «እማማ፣ ጌታ እስኪወስድዎት ይጠብቃሉ ወይስ እርስዎ ሊቀድሙት አስበዋል?» ብለህ ጠይቅ። አንዳንዷ ስቃ «ኧረ እጠብቃለሁ!» ትልሃለች። አንዳንዷ ዝም ትላለች። ያኔ ሌላውን በሽተኛ ትንሽ ቆይ በለው።

«አዎ» ካለህ አትደንግጥ፤ ሰው ፊትህን ነው የሚያነበው። ስብከትም አትጀምር፣ «ልጆችህን አታስብም?» አትበለው፤ እነሱን ሲያስብ ነው ያደረው። መቼና እንዴት እንዳሰበ፣ ያሰናዳው ነገር እንዳለ፣ ከዚህ ቀደም ሞክሮ እንደሆነ ጠይቅ። ቀደም ብሎ መሞከር ከሌሎቹ ምልክቶች ሁሉ ይከብዳል፤ ቤተሰቡ «በስህተት ጠጥታ ነው» ብሎ ያስመዘገበውንም አብረህ መርምር። መጠጥና ጫትን፣ የማይድን ወይም የማያስተኛ ሕመምን፣ ቤት ውስጥ ዱላ መኖሩን ጠይቅ። መጨረሻ ላይ እኔ የማልተዋት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «እስካሁን ምን አቆየህ?»። መልሱን እንዳለ ጻፈው። አንዱ እናቴ ይላል፣ አንዷ የጡት ልጇን ትጠራለች፣ አንዱ ላሟ እስክትወልድ ይላል። ላሟም ብትሆን ይዘን እንቆያለን። ቁርጥ ያለ ዕቅድ ያለው፣ ዛሬ ወይም ነገ አደርገዋለሁ የሚል ሰው ግን ለሽንት እንኳ ብቻውን አይውጣ፤ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፣ አንተ ስልክ ስትደውልም ቢሆን።

የቋንቋው ነገር ያሳስበኛል። አንተ ሀዲይሳህን ይዘህ ከምባታ ውስጥ ነህ፤ ከምባቲሳህ ለሰላምታና ለገበያ እንጂ ለዚህ አይበቃም። ካርድ ክፍሉን ወይም ጥበቃውን ጠርተህ እንዳታስተረጉም። ጥበቃው የሰውዬው ዕድርተኛ ይሆናል፤ ማታውን ቀበሌው ሁሉ ይሰማል። የባል እህት፣ የገዛ ልጅም አስተርጓሚ አይሆኑም። ከነርሶቹ መካከል ምስጢር የምትጠብቅ አንዷን ምረጥ፣ ጥያቄዎቹን አስቀድማችሁ አብራችሁ በከምባቲሳ ተለማመዷቸው፣ ስታስተረጉምም እንዳታለሳልስ ንገራት። ባልና ሚስት አብረው ከገቡ ደግሞ አንዳቸውን ደም ግፊት ልለካ ብለህ ለብቻ አስቀር።

በቅጹ ላይ የሌለ፣ ለእኛ አገር ግን የግድ የሆነ ጥያቄ አለ፦ «ሳውዝ የሄደ ሰው አላችሁ?»። ከሆሳዕና እስከ ሾኔ፣ ከአንጋጫ እስከ ሺንሺቾ ይህን ጠይቀህ «የለንም» የሚልህ ቤት ጥቂት ነው። እዚህ ከተማ የምታየው ፎቅ ግማሹ የደቡብ አፍሪካ ሱቅ የሠራው ነው፤ ሰው የሚያወራውም ስለ ፎቁ ነው። ለደላላ ተብሎ የተሸጠውን በሬ፣ በወለድ የተያዘውን መሬት ግን ጤና ጣቢያ የምትሰማው አንተ ነህ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 የሀገራችን ልጆች ሞተው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ማላዊ ምዚምባ ውስጥ ከ25 በላይ አስከሬን በጅምላ ተቀብሮ ሲገኝ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ያን ሰሞን የስንቱ ቤት ስልክ እንዳልተነሳ ታስታውሳለህ። ወሬ እንጂ አስከሬን ያልመጣለት ቤት ለቅሶ መቀመጥም አለመቀመጥም አይሆንለትም፤ እናቲቱ ልጄ ይደውላል እያለች ስልኳን ታቅፋ ታድራለች፣ አባትየው መሬቱን የሸጠው እሱ ነውና አፉን አይከፍትም። ሴቷ በቶሎ አልቅሳ ትነግርሃለች። እኔን የሚያስፈሩኝ ዝም የሚሉት አባቶች ናቸው፤ ለወገባቸው መርፌ ሊወጉ የመጡት።

ከመንገድ ተይዞ ባዶ እጁን የተመለሰውንም ልብ በለው። ሲሸኝ ጸሎት የተደረገለት፣ ሲመለስ ግን ከዕዳ ጠያቂ በቀር በሩን የሚያንኳኳ የሌለው ወጣት ነው። መስቀል አልፎ እንግዳው ሁሉ ወደየከተማው ሲመለስ፣ ለበሬውና ለቅቤው የተበደረው ብቻውን ከዕዳው ጋር ይቀራል። ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ እስከ ገና ያላቆየሁት።

አሁን ወደሚያድነው ነገር ልምጣ። ያቺ የከፋች ሰዓት ብዙውን ጊዜ አጭር ናት፤ ያለፈችለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይኖራል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት እጁ አጠገብ ምን አለ የሚለው ከቅጹ ድምር ሁሉ ይበልጣል። ስሪላንካ የባሰ መርዛማ የሆኑትን የእርሻ ኬሚካሎች ተራ በተራ ከገበያ አገደች፤ ራስን ማጥፋት እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1995 በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ከመቶ 70 ያህል ቀነሰ። የሰዉ ኀዘን ቀንሶ አይደለም። እኛ ማገድ አንችልም፣ ቁልፍ ማስያዝ ግን እንችላለን። በበሽተኛው ፈቃድ የሚያምነውን አንድ ሰው ጥራና፣ ለማሳ የተገዛ ኬሚካል ካለ ዛሬውኑ ከቤት ወጥቶ ጎረቤት ዘንድ ይቆለፍ በል። ነገ አይደለም፣ ዛሬ። ለድብርት የምታዝዘውንም መድኃኒት የወር አትስጥ፤ የሳምንት ስጥ፣ የሚይዘውም ያው የታመነው ሰው ይሁን። በሳምንቱ ሊወስድ ሲመጣ ታየዋለህ፤ ሁለት ጥቅም አለው።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ሌላ ጥናት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ብራዚል፣ ሕንድ፣ ኢራን፣ ስሪላንካና ቻይና ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ሆስፒታል ከደረሱ 1,867 ሰዎች ግማሽ ያህሉን የአንድ ሰዓት ያህል አነጋገረና፣ ከዚያ በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም ቤታቸው ሄዶ «እንዴት ሰነበትክ?» አላቸው። ሌሎቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ ሲወጣ፣ በተለመደው ሕክምና ብቻ ከቀሩት ከመቶ 2.2 ራሳቸውን አጥፍተው ነበር፤ ከተጠየቁት ደግሞ 0.2። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጀሮም ሞቶ የሚባል ሐኪም ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ነገር በደብዳቤ አድርጎታል። ከሆስፒታል ወጥተው ቀጠሮ ለማይፈልጉ በሽተኞች፣ ምንም የማይጠይቅ አጭር ሰላምታ ለዓመታት ይልክላቸው ነበር፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከተላከላቸው መካከል የሞቱት አነሱ። ደብዳቤ ትወጃለሽ እያልክ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ።

ታዲያ ደብተር ያዝ። ስም አትጻፍበት፤ የካርድ ቁጥርና ቀን ይበቃል፣ ተቆልፎበት ይቀመጥ። በሦስተኛው ቀን ደውል፣ በሳምንቱ ደውል፣ ከዚያ እያራራቅህ ሂድ። ስልኩ የባል ከሆነና ሌላ ሰው ካነሳው «ከጤና ጣቢያ ነው፣ ቀጠሮ ለማስታወስ ነው» ብለህ ዝጋ። ካልተነሳ የቀበሌዋን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ላክ፤ እሷ የሕፃን ክትባት ብላ የማትገባበት ቤት የለም። ዘጠነኛውን ጥያቄ ለእነሱም አስተምራቸው። ጤና ኬላ ላይ የሚሰሙትን አንተ ወር ሙሉ ብትቀመጥ አትሰማውም።

የከበደውን ላክልን። ዱራሜ ሆስፒታል ቅርብህ ነው፤ እዚህም የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። እሌኒ ራሷ ከዚህ ከሀዲያ ሄዳ ነው የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት የሆነችው፤ ስሟ ለስደተኛ ቤተሰብ ሐኪም ቤት መሰጠቱ ደስ ይለኛል። ሪፈር ወረቀት ሰጥተህ ብቻውን ግን አትስደደው። የትራንስፖርት አለህ ወይ በል፣ አብሮት የሚሄደውን ስም ጻፍ፣ ለሚቀበለው ሰው ደውል፣ መድረሱንም አጣራ። በእኔ ልምድ ሰው የሚጠፋው በመናኸሪያና በካርድ ክፍል መካከል ነው።

ፓስተሩ «መንፈስ ነው» ቢል አትጣላው። ብትጣላ በሽተኛው እሱን ይመርጣል፣ እውነቱን ነው፣ ማታ ቤቱ የሚመጣው እሱ ነውና። ጸልዩለት፣ መድኃኒቱንም አታስጥሉት፣ ብቻውን አታሳድሩት በለው። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፤ ቤቱ ሲመሽ የሚቀመጥ ሰው ከጸሎት ቤት የበለጠ የሚሰጥህ የለም። ፖሊስ ይመጣብናል ብሎ የሚደብቅ ቤተሰብም አለ። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ገፋፍቶ ወይም ረድቶ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያደርገውን ነው፤ ሞክሮ የተረፈውን አይደለም። ይህን ሳትጠየቅ ንገራቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይህን ሁሉ አድርገህም አንድ ቀን ሰው ይሞትብሃል። ካርዱን አውጥተህ ምን ጠየቅሁ፣ ምን ተውኩ እያልክ ታድራለህ። ካርዱን አንብበው፣ ከባልደረቦችህ ጋር አንብቡት፣ ብቻህን ግን አታንብበው። ለቅሶው ቤት ሂድ። ሰው ምን ይለኛል ብለህ አትቅር፤ ቤተሰቡ «እንዴት ሞተ?» ከሚል ጠያቂ ተደብቆ ነው የሚሰነብተው፣ አንተ ስትገባ የሚደበቅበት ሰው አንድ ይቀንስለታል። በሟቹ ቤት የቀሩትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንተው በሽተኞች ናቸው፤ ደብተርህ ላይ አስገባቸው። ከዚያ ለእኔ ደውል፤ ሌሊትም ቢሆን። አንተንም እጠይቅሃለሁ፣ ዘጠነኛዋንም ጨምሬ፣ እንዳትቆጣ።

እማዬ ቡላና ቅቤ ቋጥራልሃለች። ቅዳሜ በዱራሜ መኪና እልከዋለሁ፤ መናኸሪያ ሰው አስጠብቅ፣ ቅቤው ከቀለጠ እኔን ነው የምትወቅሰኝ።

የምትወድህ እኅትህ